ስሟን አትሰርዙ

(ይህ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር ነው። ፈቃድ አጥታችሁ ላልመጣችሁ እህቶች እንዲደርሳችሁ አትመነዋል።)



ከሁሉ በፊት አላህ ይስጥልኝ። ሦስት እሑድ ሙሉ ቡና እያፈላችሁ፣ በሳምንት ያለቻችሁን አንድ የዕረፍት ቀን ትታችሁ አስተዛዝናችሁኛል። ዛሬ ደግሞ "እስቲ ስለ አያትሽ ንገሪን" አላችሁኝ። እኔ ንግግር አላውቅም፣ ትምህርቴም አስረኛ ላይ ነው የቆመው። እሷ ግን ሰው ፊት መናገር አትፈራም ነበር። ዛሬ የእሷን ድፍረት ተበድሬ ነው የቆምኩት።

አያቴ ልበል እንጂ እናቴ ናት። የወለደችኝ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች "እማዬ" ብዬ የጠራሁት እሷን ነው። አገራችን ወሎ ነው፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ በኩል። ዕድሜዋን የጻፈ ሰው የለም። "ጣሊያን ሲገባ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ" ትል ነበር። ጣሊያን የገባው በ1928 ነው፣ እናንተው አስሉት።

ልጅ እያለች ለአንድ ትልቅ ሰው ድረዋት ሦስት ጊዜ ጠፍታ ተመለሰች። በሦስተኛው አባቷ ዱላ ይዘው ሲወጡ "ይግደሉኝና ሬሳዬን ያድርሱለት" አለቻቸው። ዱላውን ጣሉት። ከዓመታት በኋላ አባዬን፣ ማለትም አያቴን፣ ራሷ ወዳ አገባች። እሱ ዝምተኛ ነው፣ እሷ ደግሞ አፏ አያርፍም። "ይቺ ሴት ወንድ ብትሆን ኖሮ ሚስት የምሆነው እኔ ነበርኩ" እያለ ይስቅ ነበር። አንድ ጊዜ ሳይነግራት በሬ ሸጠ። "አንተ ሳታማክረኝ በሬ ከሸጥክ እኔም ሳላማክርህ ባቲ እወርዳለሁ" ብላ ንግድ ጀመረች። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። አፋሮቹ በግመል ጨውና ቅቤ ይዘው ይመጣሉ፣ እሷ በሌሊት ተነስታ በርበሬና ማሽላ ይዛ ትሄዳለች። ቋንቋቸውን ተማረች፣ በቋንቋቸው ትከራከራቸው ነበር። መቀነቷ ላይ የቋጠረችውን ብር አባዬም ስንት እንደሆነ አያውቅም።

ሁሉም ጨዋታ አልነበረም። በ66ቱ ረሃብ ሁለት ልጆች ቀብራለች። ስለዚያ ጊዜ ስንጠይቃት ያቺ ተጫዋች ሴት "ተዉት" ብቻ ነበር የምትለው።

በ77 እንደገና ድርቅ ሆነ። ያኔ ትልቁን አጎቴን ለሰፈራ ብለው ወደ መተከል ወሰዱት። እማዬ ሊቀመንበሩ ደጅ ሄዳ ጮኸች፣ አልሰሟትም። የማወራው ነገር ዋናው እዚህ ጋ ነው። ለማታውቁት፣ በእኛ አገር ቅሬ የምንለው እናንተ ዕድር የምትሉትን ነው። አጎቴ ከሄደ በኋላ የቅሬው ዳኛ ስሙን ሊሰርዝ አሰበ፣ ለቅሶ አይወጣ፣ ድርሻ አያመጣ። እማዬ ተነስታ "ልጄ አልሞተም፣ ወዶም አልሄደም፣ ስሙን አትሰርዙ" አለች። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር የራሷን እንጀራና የእሱን እንጀራ ለየብቻ ይዛ ትሄድ ነበር። በዚያ በችግር ጊዜ ማለት ነው። በ1983 ደርግ ሲወድቅ አጎቴ ተመለሰ። ስሙም እዚያው ቆየው።

እኔ ልመጣ ስል ደላላው ቤታችን መጣ። "አይዞዎት እማማ፣ ማዳሟ እንደ እናት ናት" አላት። እማዬ ምን ብትለው ጥሩ ነው? "እናቷማ እኔ ነኝ። አሠሪዋ ከሆነች ስንት ሰዓት እንደምታሠራት፣ መቼ እንደምታሳርፋት ንገረኝ።" ደላላው መልስ አጣ። እኔ አፍሬ "እማዬ ተይ" አልኳት። እዚህ መጥቼ ሁለት ዓመት ያለ ዕረፍት ስሠራ ያ ጥያቄዋ በየሌሊቱ ጆሮዬ ላይ ነበር። ስደውልላትም ሦስት ነገር ትጠይቀኛለች፣ "በላሽ? አረፍሽ? ከፈሉሽ?" ስለ ገንዘቤ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

ስትሞት ደበቁኝ። እንደ አገራችን ልማድ "ስደት ላይ ናት፣ ብቻዋን ናት" ብለው ነው፣ ክፋት የለበትም። ሁለት ወር ሙሉ ስደውል "ተኝታለች"፣ "ዱበርቶቹ ጋ ዱአ ላይ ናት" ይሉኛል። እኔ ለዓይኗ ማሳከሚያ ገንዘብ እልካለሁ። አንድ ሌሊት የአክስቴ ልጅ የሰማሁ መስሏት "አላህ ያጽናሽ" ብላ ድምፅ ላከችልኝ። ሳህን እያጠብኩ ነበር፣ ሳሎን እንግዳ ሞልቷል። ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ሳህኑን ጨረስኩ።

በኋላ ወንድሜ ደውሎ ሁሉንም ነገረኝ። የላክሁት ገንዘብ አልተነካም። በቀብሯ ቀን ቅሬው ሳይቀር ወጣ። ወንድሜ "የእህቴን ድርሻ እኔ ልክፈል" ሲል ዳኛው "የእሷ ተከፍሏል" አለው። ለካ እኔ ከሄድኩ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት፣ ለቅሶ በወደቀ ቁጥር ሁለት ድርሻ እንጀራ ስትወስድ ኖራለች። "ልጅቷ ቤት የላት፣ ባል የላት፣ በማን ስም ነው?" ሲሏት "በስሟ" ነበር መልሷ። ለእኔ አንድም ቀን አልነገረችኝም።

እህቶቼ፣ ይህን ያወራሁት ለማልቀስ ብቻ አይደለም። በማኅበራችን መዝገብ ላይ መዋጮ ካቆሙ ብዙ ወር የሆናቸው ስሞች አሉ። ወዳው የቀረች አለች፣ ግን በር የተቆለፈባት፣ ስልኳን የተቀማች፣ ደመወዝ የተከለከለችም አለች። ስማቸውን አንሰርዝ። እኔ ከዚህ ወር ጀምሮ ከራሴ ጋር የአንዲት እህት መዋጮ እከፍላለሁ። የምትችል ትከተለኝ።

ሁለተኛ፣ ለቤተሰቦቻችሁ ተናገሩ። መርዶ ሲኖር ለማኅበሩ ይደውሉ። እኛ እሑድ ተሰብስበን፣ ውሃና ቡና ይዘን፣ አቅፈን እንነግራታለን። ማንም ሰው ሳህን እያጠበ ብቻውን መርዶ አይስማ።

ሦስተኛ፣ እርስ በርሳችን ስንደዋወል የእማዬን ጥያቄ እንጠያየቅ። በላሽ? አረፍሽ? ከፈሉሽ? ከሦስቱ አንዱን "አይ" ካለች ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

እማዬን አላህ ጀነት ያግባት። የእናንተንም የሞቱትን ነፍስ ይማር፣ ያሉትን ያቆይልን።