በጓሯችን ያየናቸው ወፎች



እኛ አትላንታ ዙሪያ የምንኖር አባላት ከወጥ ቤት መስኮት ያነሳናቸውን ፎቶዎች እንድናሳያችሁ ስለጋበዛችሁን እናመሰግናለን። ወፏ ሲዳር ዋክስዊንግ ትባላለች፤ በብርዱ ወራት በመንጋ ትመጣለች። ዓይኗ የተኳለ ይመስላል፣ ጉትያ አላት፣ የጅራቷ ጫፍ እርድ የተነከረ ነው የሚመስለው። ክንፏ ላይ ቀይ ሰም ጠብ ያለ የሚመስል ምልክት አለ፤ ስሟም ከዚሁ ሰም የመጣ ነው።

ትልቅ ካሜራ አያስፈልግም። የቤቱን መብራት አጥፉ፣ ስልኩን መስታወቱ ላይ አስጠግታችሁ ሳትንቀሳቀሱ ጠብቁ። ቀጭን ፉጨት ከሰማችሁ መጥተዋል ማለት ነው። አንዷ ለሌላዋ ፍሬ በአፏ ስታቀብል ካገኛችሁማ (እኛ አንዴ ብቻ ቀንቶን፣ እሱም ደብዝዞብናል) ጉርሻ ነው እኮ!

ያስጨነቀን ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ስንገዛ ወይም ስንከራይ አጥር ሥር ያገኘናት፣ ቀይ ፍሬዋ በዘለላ የሚንጠለጠል፣ ናንዲና የምትባል ቁጥቋጦ አለች። ፍሬዋ ውስጥ ሳያናይድ የሚወጣው መርዝ አለ። በፈረንጆቹ 2009 እዚሁ ጆርጂያ፣ ቶማስ ካውንቲ፣ በርካታ ዋክስዊንጎች ይህን በልተው ሞተው ተገኙ። የምርመራውን ውጤት ካሳተሙት ሁለት ባለሙያዎች አንዱ ሞገስ ወልደመስቀል ናቸው። ይህቺ ወፍ ቀምሳ አትተውም፤ እስክትጠግብ ትውጣለች።

የሒሳብ ሰው ነገር ሆኖብን ወጪውን አሰላነው፦ አንድ መቀስና ግማሽ ሰዓት። ዘለላውን ቆርጣችሁ በፌስታል አስራችሁ ጣሉት። ተከራዮች መጀመሪያ አከራዩን ጠይቁ። መቀስ ለሌላት እኛ ጋ ሁለት አለ፤ ቅዳሜ ይዘን እንመጣለን።