ወደ ሶፍ ዑመር ለሚጓዙ አባላት የተደረገ ንግግር

(የማኅበራችን ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ያሰሙት)



እኔ የስድስተኛ ክፍል ሰው ነኝ፤ የምናገረው ያየሁትንና አዋቂ ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

ሶፍ ዑመር ዋሻ ከባሌ ሮቤ በስተምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ወይብ የሚባለው ወንዝ አለቱ ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። በ1972 እ.ኤ.አ. አጥኚዎች ሲለኩት መንገዱ ሁሉ ተደምሮ 15 ኪሎ ሜትር ሆነ። ስሙ የሼህ ሶፍ ዑመር ነው፤ እዚያ ተጠልለው ይጸልዩ ነበር ይባላል። ዛሬም ሰው ለዚያራ ይሄዳል።

ማን ቆፈረው ብትሉ፣ ውሃ ነው። አለቱ ኖራና ሲሚንቶ የሚሠራበት የኖራ ድንጋይ ነው፤ አገሩ ባሕር በነበረበት ዘመን የተጠራቀመ። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ጋዝ ይዞ ትንሽ ይኮመጥጣል፤ ድንጋዩን እያሟሟ ስንጥቁን ያሰፋዋል። በዚህ ምክንያት ከላይ የተደፋ ቆሻሻ አፈር ሳያጣራው በስንጥቁ ወርዶ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ያንን ውሃ ሰውም ከብትም ይጠጣዋል።

የወይብ ምንጭ ያለው በባሌ ተራሮች ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ዋሻው ግን ከፓርኩ ክልል ውጭ ነው። ስለዚህ የሚሄድበት እንግዳም ጠባቂ መሆን አለበት።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ከዓመታት በፊት ሄጄ ስሜን በምስማር ዓምዱ ላይ ጫርኩ። አንድ ሽማግሌ አይተውኝ፣ «ልጄ፣ ቤትህ ግድግዳ የለህም?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

እኛ የምን አለሽ ተራ ሰዎች የተጣለ ቆርቆሮ ምድጃ እናደርጋለን፤ ያረጀ በርሜል እንቀጠቅጣለን። በእጃችን ገብቶ ያላደስነው ዕቃ የለም። ያንን ዓምድ ግን የትኛው መዶሻችን ያድሰዋል?

ስለሆነም ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል፦

1ኛ/ ክረምት ወንዙ ስለሚሞላ ጉዞው በበጋ ይሆናል።
2ኛ/ ድንጋይ መስበር፣ ስም መጻፍና በዋሻው ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነው።
3ኛ/ ይዘን የሄድነውን ፌስታልና ጠርሙስ ይዘን እንመለሳለን።

በዚህ የማይስማማ ያስያዘውን ገንዘብ ከገንዘብ ያዡ መልሶ መውሰድ ይችላል፤ ቅር አንሰኝም። እዚያ ስንደርስ የእኔን ጭረት አሳያችኋለሁ፤ ሁለተኛ እንዳይጨመርበት።