ትንሿ ኪቦርድና ሦስቱ ጀርመኖች
(በወርኃዊ የቡና ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ለጀርመንኛ ልምምዳችን ዘፈን እንጠቀም የተባለ ጊዜ ብዙዎቻችን ሳቅን። እኛ በትዝታና በአንቺ ሆዬ ያደግን፣ ድምፅ ተስረቅርቆ ሆድ ሲያባባ የለመድን ነን።

የቀረበልን ትሪዮ የተባሉ ሦስት ሰዎች በ1982 ያወጡት «ዳ ዳ ዳ» ነበር። ገና ሲጀምር አንዷ እህታችን «ይሄማ የልጅ መጫወቻ ነው» አለች። ብዙም አልተሳሳተችም። ምቱ የሚወጣው ካሲዮ ቪኤል-1 ከምትባል፣ ሒሳብም ከምታሰላ፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ከምትገባ ኪቦርድ ነው። ከበሮ መቺው ፒተር ቤረንስ ቆሞ፣ ፊቱን ሳይፈታ ይመታል። ሽቴፋን ሬምለር ደግሞ ከመዝፈን ይልቅ ይናገራል ቢባል ይቀላል።

ደጋግመን ስንሰማው ግን ጆሯችን በቃላቱ መካከል ያለውን ዝምታ ለመደ። የሚናገረው ፍቅሩ ያለቀ ሰው ነው፤ ሆኖም አያለቅስም፣ አያማርርም። ሐዘኑን ለሰሚው ይተወዋል። ታላቃችን ግን እስከ ዛሬ «ጨው የለውም» እንዳሉ ናቸው።

ቀድሞ ብዙ የጀርመን ሮክ ባንዶች በእንግሊዝኛ ነበር የሚዘፍኑት። አዲሱ የጀርመን ሞገድ ሲመጣ ወጣቶቹ በገዛ ቋንቋቸው፣ ቤት ውስጥ በሚነገረው አማን ቋንቋ መዝፈን ጀመሩ። ትሪዮዎች ግሮሰንክኔተን በምትባል የሰሜን ጀርመን መንደር ይኖሩ ነበር፤ በመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን ላይ አድራሻቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ጽፈውበታል። (ስንቱ ደውሎ አስቸግሯቸው ይሆን!)

እንግዲህ የልባችንን እንናገር። ሐኪም ቤት ስንገባ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ ስንቀመጥ፣ ጀርመንኛችን አጭር ነው ብለን አንገታችንን እንደፋለን። የአሥር ዓመት ልጃችን ታስተረጉምልናለች፤ ሕመማችንን ሳይቀር። ይህ ዘፈን ያለ አስተርጓሚ ከዳር እስከ ዳር የገባን የመጀመሪያው የጀርመንኛ ነገር ነው። በዚያ ሳምንት አንዷ እህታችን ልጇን ቤት ትታ ብቻዋን ሐኪም ዘንድ ሄደች። «እዚህ ያመኛል። ሦስት ሳምንት። ሌሊት ይብሳል።» አለች። ሐኪሙም ጻፈ።

በሚቀጥለው ወር የኔናን «99 ሉፍትባሎንስ» እንሰማለን። የእሷ ቃል ይበዛልና መዝገበ ቃላት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን።