ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ

(ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት አባቶችን ለማስተማር ሳይሆን፣ ከራሴ ስሕተት የተማርሁትን ለመመስከር ነው። ጉዳዩም ይህ ነው፤ የሰማነውንና የወደድነውን ነገር ሳንመረምር እውነት አድርገን እንቀበላለን፤ «እንዴት ታወቀ?» ብሎ የሚጠይቀውንም እምነት እንደ ጎደለው እንቈጥረዋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር አጥቢያ ምንጭ አጎልብተን ነበር። ሥራው በመስከረም ተፈጸመ። በኅዳር ወደ ጤና ኬላው ሄጄ መዝገቡን ስመለከት፣ በሐምሌ በተቅማጥ ታመው የመጡት ሕፃናት ብዙዎች ነበሩ፤ በኅዳር ግን ጥቂቶች ሆኑ። ደስ አለኝ። «ምንጩ በመጎልበቱ የሕፃናት ተቅማጥ ከግማሽ በላይ ቀነሰ» ብዬ የሪፖርቱን ረቂቅ ጻፍሁ። ረቂቁን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባነበብሁላት ጊዜ ግን በትሕትና «ዲያቆን፣ ምንጭ ያልተሠራለት ጎረቤት ቀበሌስ እንዴት ሆነ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የጎረቤቱን ቀበሌ መዝገብ ለማየት የሄድሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የዘገየሁት መንገዱ ርቆብኝ አይደለም፤ መልሱን ፈርቼ ነው። እንደ ፈራሁትም ሆነ። ምንጭ ባልተሠራበትም ቀበሌ በሽታው በዚያው መጠን ቀንሶ ነበር። ክረምቱ ወጥቷል፤ እድፉን ሁሉ ወደ ውኃው የሚጠርገው ጎርፍ ቆሟል። ዶሮ ከጮኸ በኋላ ፀሐይ ትወጣለች፤ ፀሐይን ያወጣት ግን ዶሮው አይደለም። እኔም የዶሮውን ጩኸት ለኮሚሽናችን ልጽፍ ተዘጋጅቼ ነበር።

ረቂቁን ቀደድሁት። በዓመቱ ሐምሌን ከሐምሌ፣ ቀበሌንም ከቀበሌ ጋር አነጻጸርን። ምንጩ ጠቅሟል፤ ነገር ግን እኔ ከጻፍሁት እጅግ ባነሰ መጠን ነበር። «ለምን አነሰ?» ብለን በየቤቱ ስንጠይቅ፣ ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳው ውኃ ባልታጠበ ጀሪካንና በእጅ በተነከረ ኩባያ እንደሚበከል አየን። ስለ ውኃ አያያዝ ማስተማር የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ያ የሐሰት ደስታዬ እንደ ተጻፈ ቢቀር ኖሮ፣ እኛ ስንመሰገን ሕፃናቱ መታመማቸውን በቀጠሉ ነበር።

አባቶቼ፤ ይህ ስሕተት በሪፖርት ብቻ የሚቀር አይደለም። ከዚህ የከበደው በሕይወት ላይ የሚደርሰው ነው። «እገሌ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ትቶ በጠበል ዳነ» የሚል ምስክርነት በየአጥቢያችን ይሰማል። እኔ እግዚአብሔር በጠበል እንደሚፈውስ አምናለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ መድኃኒቱ ቫይረሱን በደም ውስጥ ያዳክመዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ያቋረጠ ሰው ለጊዜው ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ቫይረሱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይበዛል። ስለዚህ የጥቂት ወራት ደኅንነት ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ፣ በዐውደ ምሕረት ቆሞ የሚመሰክረው በሕይወት ያለው ብቻ ነው። መድኃኒቱን አቋርጠው ያረፉት ሊመሰክሩ አይመጡም። የእነርሱን ፍትሐት ያደረስን እኛ ካህናት ካላሰብናቸው ማን ያስብላቸዋል?

ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። መድኃኒቱ በሀገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስተምረዋል። ከዚያ አስቀድሞ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ይመክረናል፤ መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና። ምእመኑን «መድኃኒትህን ጣል» የሚል ሰው ከእነዚህ ትምህርቶች በየትኛው ቆሞ ነው?

በክርክራችንም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ሐሳብ ሲያቀርብ «ምን አለ?» ከማለት ይልቅ «እርሱ ማን ነውና?» እንላለን። የሌላውን እምነት ስንነቅፍ፣ ባለቤቱ ያላለውን በአፉ አኑረን ያንኑ እናፈርሳለን፤ ጭብጨባም እንቀበላለን። አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። በኒቅያ በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡት ሊቃውንት አርዮስ የሚለውን ሰምተው፣ ጥቅሱን መርምረው መልስ ሰጡ። የአንድምታ መምህሮቻችን ለአንዱ ቃል ብዙ ትርጓሜ ሲያመጡ «አንድም» እያሉ ጎን ለጎን ያቆማሉ፤ ሌላውን ለመስማት የፈራ ሰው አንድምታን ሊማር አይችልም። በቅኔ ቤትም ተማሪው ቅኔውን ለመምህሩ ሲነግር ቤቱ ከጎደለ ወይም ምሥጢሩ ከተበላሸ ይታረማል፤ የአባቱ ባለጠግነት ቤቱን አይመላለትም። የቤርያ ሰዎችም የተመሰገኑት ከጳውሎስ የሰሙትን በየዕለቱ ከመጻሕፍት ስለ መረመሩ ነው። ሐዋርያ ከተመረመረ፣ በቴሌግራም የመጣ መልእክት አይመረመርምን? «ለ10 ሰው ካላስተላለፍህ መቅሠፍት ያገኝሃል» የሚል ጽሑፍ በደወል ደጅ እየተነበበ ስንት ምስኪን እናት እንቅልፍ ታጣለች?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለሰበካ ጉባኤያት ሦስት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ። ገንዘብን ወይም የሰውን ጤና በሚመለከት ጉዳይ ከመወሰናችን በፊት ጸሐፊው እነዚህን አንብቦ መልሳቸውን በቃለ ጉባኤው ይመዝግብ፦

1. ይህን በዓይኑ ያየ ማን ነው? ወይስ ሁላችንም ከሌላ ነው የሰማነው?

2. ያልተሰማው ማን ነው? ያልዳነው፣ ያልተጠቀመው፣ ከስብሰባው የቀረው ምን ይላል?

3. ተሳስተን ብንሆን ስሕተታችንን በምን እናውቀዋለን?

አንድ ልማድም ልጨምር። በጉባኤያችን አስቀድሞ የሚናገረው ትልቁ ነው፤ እርሱ ከተናገረ በኋላ ታናሹ ቢያውቅም በአክብሮት ዝም ይላል። አባቶች ፈቅደው ወጣቶቹንና እናቶችን አስቀድመው ቢያናግሩ፣ ክብራቸው አይቀንስም፤ ምክራቸው ግን ይጠራል። እኔን ከስሕተት ያዳነችኝ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ እኅት ናት። በዚያን ቀን አፍራ ዝም ብትል ኖሮ ሐሰቱ ከነፊርማዬ ይቀር ነበር።

መጠየቅ ክህደት አይደለም። ሐሰትን በእግዚአብሔር ስም ከመናገር መጠንቀቅ ራሱ እርሱን መፍራት ነው። አስተዋይ ልቡና ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።