በኪሳችን ያለችው ሴንጢ ምን ትቆርጣለች?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)





ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ገበያ፣ ስለ ዋጋና ስለ ትርፍ ክፍፍል ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተዋል። እኔ የምናገረው ግን በኪሳችን ስለምንይዛት ሴንጢ ነው። ርእሱ ትንሽ ቢመስልም የብዙ ቡና ሕይወት የሚያያዘው ከእሷ ጋር ስለሆነ እንድትታገሡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከላችን ሥልጠና በሰጠሁበት አንድ ቀን “ሴንጢ የያዘ እጁን ያንሣ” አልኩ። ከወንዶቹ እጁን ያላነሣ ጥቂት ነበር። “ዛሬ ጠዋት ምን ቆረጣችሁባት?” ብዬ ስጠይቅ አንዱ መፋቂያ፣ አንዱ ሸንኮራ፣ አንዱ የጆንያ ገመድ አለ፤ አንዱም እየሳቀ ጫት አለ። “ለቀማው ካለቀ ወዲህ የቡና ዛፍ የነካባትስ?” ስል ግን ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሥተው፣ “መግረዣ መቀስም እኮ አለን። ልጆች እንዳይነኩት ብሎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ልጆቹ አድገው አገቡ፣ መቀሱ ግን እስካሁን እዚያው ነው” ብለው ባለቤታቸውን አጋለጡ። ሁሉም ሳቀ፤ ባለቤትየውም አብረው ሳቁ።

ሳቁ ግን እኔንም የሚነካ ነበር። ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ስመረቅ ታላቅ ወንድሜ ከመርካቶ አንዲት የማዳቀያ ሴንጢ ገዝቶ ሰጥቶኝ ነበር። ስለቷ እንዳይጫጫር በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኳት። እንግዳ ሲመጣ አውጥቼ አሳያለሁ፤ መልሼም እጠቀልላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ገበሬውን አቮካዶ ማዳቀል ያስተማርኩት ከሱቅ በገዛሁት ምላጭ ነው። እንግዲህ መቀሱን ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት አባት በምን እሻላለሁ?

በውጭው ዓለም ሴንጢ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ሰብሳቢ ስል ቡና ሰብሳቢ ማለቴ አይደለም። እነዚህኞቹ ለዕቃው ካላቸው ፍቅር የተነሣ ሴንጢ ብቻ እየገዙ የሚያከማቹ ናቸው። እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁትም “ከሰበሰብከው የትኛውን በኪስህ ይዘህ ትወጣለህ? ትቆርጥበታለህስ ወይ?” እያሉ ነው። አንዱ፣ ስለቱ ከተነካ ዋጋው ይወርዳል ብሎ በመስተዋት ሣጥን ይቆልፍበታል። ሌላው፣ ለመቁረጥ የተሠራ ዕቃ ካልቆረጠ ምን ይሠራል ብሎ በየቀኑ ይገለገልበታል። የሚገርመው፣ ከእነዚህ ስመ ጥር ሴንጢዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለሥራ ሰው መሆኑ ነው። በእንጨት እጀታው የሚታወቀው ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 በፈረንሳይ ተራራማ አገር በሳቮያ ከአንድ አንጥረኛ ቤተሰብ ወጥቶ የገበሬ ኪስ ውስጥ የገባ ነው። የስዊዘርላንዱም እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ለአገሩ ወታደሮች የታደለ፣ የቆርቆሮ ምግብ የሚከፍትና ጠመንጃ ለመፍታት የሚረዳ መሣሪያ ነበር።

ሰብሳቢው ሴንጢውን ቢቆልፍ የሚጎድልበት ነገር የለም። እኛ ስንቆልፍ ግን ቡናችን ያረጃል።

ቡና ደህና ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ዓመት ባደገው ለጋ ቅርንጫፍ ላይ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዴ ያፈራው ክፍል ደግሞ አያፈራም። ስለዚህ ያልተገረዘ ዛፍ በየዓመቱ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ፍሬው ጫፍ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ለቃሚው ጎንበስ ያደርገዋል፤ ይሰበራል። ለቀማው በአካባቢያችን በአብዛኛው ታኅሣሥ ላይ ይገባደዳል። ከዚያ በኋላ፣ ዝናብ መጥቶ ቡናው ከማበቡ በፊት ያሉት ጥርና የካቲት የመግረዝና የጉንደላ ጊዜ ናቸው። ያረጀው ግንድ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውኃ እንዳይቋጥር አግድም ሰያፍ ተደርጎ በመጋዝ ይቆረጣል። በገጀራ የተመታ ጉቶ ይሰነጠቃል፤ ውኃ ይገባዋል፤ ይበሰብሳል። ዝናቡ ሲጀምር ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ከእነዚህ ውስጥ ጠንካራዎቹን ሁለት ወይም ሦስት አስቀርቶ ሌላውን ማንሣት ነው። የሴንጢዋ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማሳውን ሁሉ በአንድ ዓመት መጎንደል ግን ቤተሰብን ያስርባል፤ የተጎነደለ ቡና ደህና ምርት ለመስጠት እስከ ሦስተኛው ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላልና። ማሳውን በሦስት ወይም በአራት ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ማደስ ይበጃል።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ መናገሩ የሚከብደኝን ነገር ልንገራችሁ።

ከዚያ የሥልጠና ቀን በኋላ ሴንጢዬን ከሣጥን አውጥቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። በየማሳው እየዞርኩ፣ “እንዲህ ነው” እያልኩ ቀንበጥ አነሣ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት በአንድ ማሳ፣ በአንድ በኩል ቅጠሉ ቢጫ የሆነ ዛፍ አየሁ። ጥላ በዝቶበት ይሆናል ብዬ ከግንዱ ሥር ያሉትን ቀንበጦች ቆረጥኩለት። ከዚያ በሱሪዬ ጠራርጌያት ወደ ቀጣዩ ማሳ ሄድኩ። የማሳው ባለቤት የማከብራቸው አዛውንት ናቸው። አባታቸው በተከሉት ቡና መካከል አቁመውኝ፣ የትኛውን ልቁረጥ እያሉ እየጠየቁኝ አብረን ሠራን። በቀጣዩ ዓመት ከነካኋቸው ዛፎች አራቱ ደረቁ።

በሽታው ትራኪዮማይኮሲስ የሚባለው፣ ቡናን አጠውልጎ የሚያደርቀው ነው። የሚያመጣው ፈንገስ በቁስል በኩል ገብቶ ውኃ የሚያመላልሰውን የዛፉን ቧንቧ ይዘጋል። በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1927 በዛሬዋ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ነው። በአገራችንም ጅማ ዋና ከተማው በነበረችው በከፋ ጠቅላይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1957 ተመዝግቧል። በኋላ በኮንጎና በኡጋንዳ የሮቡስታ ቡና ላይ ከባድ ጥፋት አድርሷል። የእኛን ዓይነት ዐረቢካ ቡና እያደረቀ ያለው ግን በኢትዮጵያ ነው። ከዛፍ ወደ ዛፍ ከሚያስተላልፉት ነገሮች አንዱም የእኛው ገጀራ፣ ዶማና ሴንጢ ነው። ለዚህ ነው በቡና ግንድ ዙሪያ አረም በገጀራ ከመመንጠር በእጅ መንቀልና በጉዝጓዝ ማፈን ይመረጣል የሚባለው።

የአዛውንቱን ዛፎች ያደረቀችው የእኔ ሴንጢ መሆኗን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። አይደለችም ማለትም አልችልም። ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ፣ “ኢልማ ኮ፣ እሳት እኮ ቤቴ ነበር። ብትነግረኝ አመጣልህ አልነበረም?” አሉኝ። ከዚህ ሌላ አልተናገሩም።

እውነታቸውን ነው። መፍትሔው ከምድጃው አጠገብ ነበር። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ላስታውስ።

አንደኛ፣ ሴንጢዋን ከመቁረጫነቷ በፊት መመርመሪያ እናድርጋት። ቅጠሉ በአንድ ወገን ቢጫ ሆኖ የወረደ ዛፍ ስናይ ከግንዱ ሥር ልጡን በቀስታ እንፋቅ። ከውስጥ ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር መስመር ከታየ፣ ያ ዛፍ አይገረዝም። ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው በቆመበት ቦታ ይቃጠላል። ለማገዶ ብሎ በማሳው መካከል መጎተት በሽታውን መዝራት ነው። በዚያው ጉድጓድ ደግሞ ባለሙያ ሳይማከሩ አይተከልም።

ሁለተኛ፣ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስንሄድ ስለቷን በአልኮል ወይም በበረኪና በተነከረ ጨርቅ እንጥረግ። እሱ ከሌለ በእሳት ነበልባል ላይ እናሳልፋት። እስክትቀላ ማቆየት ግን ስለቷን ይገድለዋል። በበረኪና የተጠረገች ሴንጢ ማታ በውኃ ታጥባ፣ ደርቃ ዘይት ትቀባ፤ አለበለዚያ ትዝጋለች።

ሦስተኛ፣ ሴንጢና መቀስ የወንድ ኪስና የወንድ ግድግዳ ብቻ አይሁኑ። በለቀማ ጊዜ እያንዳንዱን ዛፍ ቀርበው የሚያዩት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ቢጫውን ቅጠል ቀድመው የሚያዩትም እነሱ ናቸው።

ለተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎችም አንድ ልመና አለኝ። ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ በድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። በየሩብ ዓመቱ በምጽፈው ሪፖርት ላይ “የተሠራጨ የመግረዣ መሣሪያ” የሚል ዓምድ አለ፤ ቁጥሩን ሞልቼ እልካለሁ። “ሥራ ላይ የዋለ” የሚል ዓምድ ግን የለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መቀስም፣ በጥር ሲቆርጥ የዋለውም በወረቀታችን ላይ እኩል ናቸው። የተሠራጨውን ብቻ ሳይሆን የታደሰውን የቡና ዛፍ ብንቆጥር፣ እኔም ወደ ቢሮ ከመሄዴ በፊት ወደ ማሳ ለመሄድ እገደድ ነበር። ማኅበራትም ከትርፋቸው ጥቂት ቀንሰው ለየአካባቢው አንድ አንድ መጋዝና የበረኪና ጠርሙስ ቢያኖሩ ወጪው ከባድ አይሆንም።

የደረቁትን አራት ዛፎች ከአዛውንቱ ጋር ነቅለን እዚያው አቃጥለናል። ዘንድሮ በጥር ከቀሩት መካከል አንድ መስመር ለመጎንደል ተስማምተው ጠሩኝ። ስደርስ መጋዙ ተሞርዶ፣ ፍም በሸክላ ተደርጎ ከዛፉ ሥር ተቀምጧል። ሴንጢዬን ተቀብለው አገላብጠው አዩና ራሳቸው በእሳቱ አሳለፏት። ስለቷ ጠቁሯል፤ ተጫጭሯል። ወንድሜ ቢያያት አያውቃትም።

እስቲ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ሁላችንም ኪሳችንን እንዳስስ፤ ከዚያም ቤታችን ስንደርስ ግድግዳችንን እንይ።