አዲሱን ቪዲዮ አሮጌ ፊልም ስለማስመሰል

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የዛሬው የንግግር ርእስ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በስልክ ወይም በእጅ ቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ የቤተሰብ ምስል በቅንብር ሶፍትዌር አማካይነት የጥንት ፊልም እንዲመስል የሚደረግበት ዘዴ ነው። ሙሽሮች ይህን ከቪዲዮ አንሺው ይጠይቃሉ፤ የወላጆችን ጋብቻ ኢዮቤልዩ የሚያዘጋጁ ልጆችም ይሹታል። አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል ተብሎ ስለሚገመት ሥራው እንደ ቀላል ይታያል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ይሠራበት የነበረው ሙቪ ሜከር እንኳ «አሮጌ»፣ «ይበልጥ አሮጌ»፣ «እጅግ አሮጌ» የሚሉ ሦስት የማስረጀት ደረጃዎችን ያቀርብ ነበር። ይሁን እንጂ በአሮጌ ፊልም ላይ የሚታየው ጉድለት ሁሉ የየራሱ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ያላወቀ አቀናባሪ ምስሉን ያበላሸዋል እንጂ አያስረጀውም።

መጀመሪያ የሚታየው እንቅስቃሴው ነው። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1932 ለቤተሰብ ባቀረበው 8 ሚሊ ሜትር ፊልም የተለመደው ፍጥነት በሴኮንድ 16 ፍሬም ሲሆን፣ በ1965 በወጣው ሱፐር 8 ደግሞ 18 ፍሬም ነበር። የዛሬው ስልክ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 30 ፍሬም ያነሣል። ስለሆነም እንቅስቃሴው እንደ ቪዲዮ እንደለሰለሰ ከቀረ፣ የቱንም ያህል ጭረት ቢደረብበት ዓይን አይታለልም። የፍሬሙን ቁጥር መቀነስ ከማናቸውም ጌጥ የሚቀድም ተግባር ነው።

ሁለተኛው ጭረትና አቧራ ነው። ፊልም በካሜራውና በፕሮጀክተሩ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ስለሚሮጥ፣ በመንገዱ ላይ የተቀመጠ የአሸዋ ቅንጣት የሚጭረው በቁመቱ ነው፤ ጭረቱም ለብዙ ፍሬሞች በአንድ ስፍራ ይቆያል። በአንጻሩ አቧራ በአንዱ ፍሬም ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። በአግድም የሚሄድ የተቆራረጠ መሥመር ግን የቪዲዮ ቴፕ ጉድለት እንጂ የፊልም አይደለም። ግሬይን የሚባለውም ከብር ጨው ክሪስታሎች የሚመነጭ በመሆኑ በየፍሬሙ አደራደሩ ይለወጣል፤ በመስተዋት ላይ እንደተረጨ እድፍ ረግቶ አይታይም።

ሦስተኛው ቀለም ነው። አሮጌ ሁሉ ቡናማ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ኮዳክሮም የተባለው የቀለም ፊልም ከ1936 ጀምሮ በ8 ሚሊ ሜትር የተገኘ ሲሆን፣ በጨለማ ከተቀመጠ ቀለሙን ለብዙ ዘመን ይጠብቃል። ሌሎች ብዙ የቀለም ፊልሞች ደግሞ ሲያን የተባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለማቸው ቀድሞ ስለሚደበዝዝ ወደ ቀይ ያደላሉ።

ይህ ሁሉ በትክክል ሲሠራ ግን ከዘዴው የበለጠ ጥያቄ ይነሣል። ኖቬምበር 22 ቀን 1963 በዳላስ ከተማ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተተኮሰባቸው ጊዜ፣ አብርሃም ዛፕሩደር የተባለ የልብስ አምራች ሁኔታውን በቤተሰብ ካሜራው አነሣው። ፊልሙ ድምፅ የሌለው፣ 486 ፍሬም ያለውና ከ26 ሴኮንድ ብዙም የማይበልጥ ነው። መርማሪዎች ካሜራው በሴኮንድ በአማካይ 18.3 ፍሬም እንደሚያነሣ ለክተው፣ ፍሬሞቹን በመቁጠር ፊልሙን እንደ ሰዓት ተጠቀሙበት። በ1991 ዳይሬክተሩ ኦሊቨር ስቶን «ጄ.ኤፍ.ኬ.» በተባለው ሥራው ይህንኑ ፊልም አሮጌ እንዲመስሉ ሆነው አዲስ ከተቀረጹ ትርኢቶች ጋር አቀናበረው። ቅንብሩ የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ ነገር ግን ተመልካች የተፈጸመውን ከተፈጠረው መለየት አይችልም የሚል ብርቱ ነቀፋም ደረሰበት።

የቤተሰብ ቪዲዮም ለቤተሰቡ ምስክር ነው። የዛሬው ሰፊ ምስል የጥንቱን የ4 ለ3 ቅርጽ እንዲይዝ ግራና ቀኙ ሲቆረጥ ሩቡ ይጠፋል፤ ከ30 ወደ 18 ፍሬም ሲወርድም በየሴኮንዱ 12 ፍሬም ይቀራል። በተቆረጠው ጠርዝ በኩል አያት ተቀምጠው ቢሆንስ? ከብዙ ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ የሚያገኘው ያረጀውን ቅጂ ብቻ ቢሆን፣ የጎደለውን የሚመልስለት አይኖርም፤ የተቀረጸበትንም ዘመን ይስታል።

ስለዚህ ከባለሙያው የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ በሁለት ስፍራ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የተቀረጸበት ቀንና አሮጌ እንዲመስል የተደረገ መሆኑ በሥራው መጨረሻ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ባለጉዳዩ ሁለቱንም ቅጂ ይረከብ፤ ልዩነታቸውም ይነገረው። ይህ ሲሆን ጨዋታው ጨዋታ፣ ምስክሩም ምስክር ሆኖ ይኖራል።