ምሳ በልቶ የሚያልፈው እንግዳ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የቀረበ ንግግር



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ከመኪናው ይወርዳል፥ ምሳውን ይበላል፥ ላቡን ይጠርጋል፥ ተመልሶም ይሳፈራል። ጀውሃንማ ሽንኩርት የሚጭን መኪና መንገድ ካልዘጋበት በቀር ልብ ብሎ አያያትም። እኛ የቆላው ይፋት ልጆች በዛሬው ቀን በፊታችሁ ልንናገር የፈለግነው፥ ይህ መንገደኛ አንድ ሌሊት ከእኛ ዘንድ ስለሚያድርበት ነገር ነው።

«ምን ሊያይ ያድራል?» የሚሉ አሉ። ከጀውሃ ወዲያ ያለው የሰንበቴ ገበያ የሚውለው እሑድ ነው፤ አፋሩ፥ ኦሮሞው፥ አርጎባውና አማራው ይገናኝበታል። የባቲ ገበያ ደግሞ ሰኞ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ለማየት የሚሻ ሰው ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ቢያድር፥ እሑድ ፀሐዩ ሳይበረታ ሰንበቴ ይደርሳል።

ቅዳሜም ባዶ ቀን አይደለም። በመንገዱ ላይ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ያስቆፈሩት የጣርማ በር ዋሻ አለ፤ ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ሲሆን፥ በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ሲነጭ ይታያል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል (ሳይገዛ ያለፈ ሰው እኛ አናውቅም)። ከዚያ ወደ 1300 ሜትር ግድም ሲወረድ የገብሱ አገር አልቆ የማሽላው፥ የማሾውና የማንጎው አገር ይጀምራል፤ ካፖርት ደርቦ የተነሣውም ሰው የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ታሪክ ለሚወድ ደግሞ ይፋት በመካከለኛው ዘመን የሱልጣኖች አገር ነበረች፤ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋ የሚወጡ ነጋዴዎች ያልፉባት ነበር። የጥንት መስጊዶችና ከተሞች የድንጋይ ፍርስራሽ ዛሬም በኮረብታዎቹ ላይ ይገኛል። ወደዚያ ግን የአገሩን ሰው ሳይዙና ሽማግሌዎችን ሳያስፈቅዱ መሄድ ነውር ነው።

በስኮትላንድ አገር ዊግታውን የምትባል አንድ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት የገጠር ከተማ አለች። የወተት ፋብሪካዋ ተዘግቶ ሥራ አጥታ ከቆየች በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1998 የመጻሕፍት ከተማ ተብላ ተሰየመች። መጽሐፍ ፈላጊውም ሱቆቹን በአንድ ቀን ስለማይጨርስ ያድርባታል። እኛ ያን ያህል መጻሕፍት የሉንም፤ ገበያው ግን አለን።

የሚጎድለን አልጋው ነው። ከመካከላችሁ ሆቴልና ቡና ቤት የያዛችሁ አላችሁና አትቀየሙን። እንግዳው «አልጋ አለ?» ብሎ ሲገባ የሚፈልገው የታጠበ አንሶላ፥ በባልዲም ቢሆን መታጠቢያ ውሃና ያልተቀደደ አጎበር ነው፤ ቆላ ነውና ወባ አለ። አንድ ማታ ሁለት እንግዶችን መርተን ከአንድ ቤት ብናደርስ፥ ለአገሩ ሰው ከሚጠየቀው ዋጋ እጥፍ ተጠየቁ። እነርሱም በትሕትና አመስግነው በመጡበት መኪና ሄዱ። እኛ ግን የምንገባበት ጠፋን።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ንብረቱን እንዳጣ እናውቃለን፤ አንሶላ ግዙ ማለት ለእነዚህ ሰዎች ቀላል ነገር እንዳይደለም አልዘነጋንም። ከዚያም ወዲህ መንገዱ የተዘጋባቸው ቀኖች ነበሩ። ስለዚህ እንግዳው ከመነሣቱ በፊት ደውሎ የመንገዱን ደኅንነት ይጠይቅ፤ የሚጠየቀውም ሰው ያልሆነውን ሆነ ብሎ አይጥራው። አንድ ቅዳሜ ቢቀር ሌላ ቅዳሜ ይመጣል፤ የተታለለ እንግዳ ግን አይመለስም።

እኛ በበኩላችን የአልጋውን ዋጋ በበሩ ላይ ለመስቀል ለሚፈቅድ ሁሉ ሰሌዳውን ያለ ክፍያ እንጽፋለን። ከሰሌዳው በታችም የሰንበቴንና የባቲን የገበያ ቀን እንጨምርበታለን። ቀለም መምህራችን ሰጥተውናል፤ ብሩሹ ግን አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ የምትፈልጉ ወላጆች ከዚህ ስትወጡ በበሩ አጠገብ ለቆሙት ልጆች ስማችሁን አስመዝግቡና በየተራችሁ እንመጣለን።